የትዳር አጋር ካረፈ በኋላ ብቻን ማብሰልና መብላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ሐዋሳ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸው አዛውንቶች በእድሩም፣ በጤና ጣቢያ ወረፋም፣ በጎረቤት ቡናም ላይ ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

ለቀስተኛው ከተበተነ ወዲህ እህል አልዋጥ ብሎኛል። ደኅና ነው ወይ?

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ነገር ነው። እስከ ሰልስት ቤቱ በሰው ይሞላል፤ ንፍሮው ይመጣል፣ እንጀራው ይመጣል፣ «በሞቴ አንድ ጉርሻ» የሚል አይጠፋም። የሚከብደው ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ «በላህ ወይ? በላሽ ወይ?» ባይ የለም። ሐዘን ረሃብን ያደነዝዛል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጣዕምና ሽታ ይደክማሉ፣ የውሃ ጥማትም ይቀንሳል። ስለዚህ እስኪርብዎ አይጠብቁ፤ በሰዓት ይብሉ። አንድ ሙሉ ገበታ ካስጠላዎት በትንሽ በትንሹ አራት አምስት ጊዜ ይቅመሱ። ቅንጬ በወተት፣ አጥሚት፣ እርጎ፣ በማንኪያ የሚበላ አቮካዶ ማኘክ ላስጠላው አፍ ይቀላሉ።

ሳያስቡት በስድስት ወር ውስጥ ከክብደትዎ ከመቶ አምስት እጁ ከቀነሰ ሐኪም ሊያይዎት ይገባል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 3 ኪሎ ማለት ነው። ሚዛን ከሌለ ቀበቶው፣ ቀለበቱ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱ መላላቱ ይናገራል። «ሐዘን ነው ያከሳኝ» በሚለው ጀርባ ስኳርም፣ ቲቢም፣ ድባቴም ሊደበቅ ይችላል።

ሻይ በዳቦ ይበቃኛል። ምን ይጎድልብኛል?

ሆድ ይሞላል፤ ጡንቻ ግን ከዚያ ብዙ የሚያገኘው የለም። አረጋዊ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ አንድ ግራም ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ አንድ እንቁላል ደግሞ 6 ግራም ገደማ ይዟል። ሻይ በዳቦውን ይጠጡት፤ ግን አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ጭብጥ የለውዝና የሽምብራ ቆሎ፣ ወይም አንድ ብርጭቆ ወተት ከጎኑ ይኑር። ቆሎው ለጥርስ ከጠነከረ በሶ አለልዎት።

የቡናም ነገር ይኸው ነው። ከአቦል እስከ በረካ ባዶ ሆድ ከጠጡበት የምግብ ፍላጎቱ አብሮ ይሄዳል፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣም ምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ከበሉ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ያፍሉት። ቡና አይቅር፤ ጎረቤት የሚጠራው እሱ ነው።

ድስቱን ለአንድ ሰው መመጠን አቃተኝ። አርባ ዓመት የለመደ እጅ እንዴት ይቀነሳል?

እጁን ተዉት፤ ዕቃውን ይቀንሱ። ትልቁን ድስት ከፍ ያለ ቦታ ሰቅለው፣ ሽሮ ቤት እንደሚቀርብበት ዓይነት ሁለት ጭልፋ የሚይዝ ትንሽ የሸክላ ድስት ይግዙ። የእኛ ወጥ ከጥንቱ የተሰላው ለትሪ ነው፤ «ድንገት ሰው ቢመጣ» የሚባለው እንግዳ እንኳ ድርሻው ድስቱ ውስጥ አለ። ለአንድ አፍ ማብሰል ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው። ማንም አላስተማረንም፣ ስለዚህ አልሆን ቢል አያሳፍርም።

በሽሮ ይጀምሩ። አንድ ትንሽ ሽንኩርት፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ብርጭቆ ተኩል ውሃ፣ ሦስት ሞላ ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ ሽሮ። ሽንኩርቱ ቁላት ሲል ውሃው ይገባል፤ ሲፈላ ሽሮውን በአንድ እጅ እየበተኑ በሌላው ያማስላሉ፤ ከዚያ በቀስታ እሳት ሃያ ደቂቃ ገደማ ይንተክተክ። ለምሳ በልተው ለእራት ጥቂት ከተረፈ መጠኑ ልክ ነው። ለነገ ምሳ ከተረፈ በዝቷል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳርፈው ግን ቁሌት ነው። በሳምንት አንዴ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ፈጭተው ወይም አድቅቀው ከትፈው ያለ ዘይት በቀስታ ያብስሉ፤ ውሃው መጥጦ ወርቃማ ሲሆን ዘይትና በርበሬ፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምረው በደንብ ያቁላሉ። ሲቀዘቅዝ አንድ አንድ ጭልፋ እያደረጉ በትንንሽ ዕቃ ከፍለው ፍሪዘር ይክተቱ። አንዷን አውጥቶ ከተቀቀለ ምስር ጋር ማዋሐድ፣ ወይም እንቁላል ሰብሮ መምታት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ልብ በከበደበት ቀን ሽንኩርት መክተፍ ተራራ ነው፤ ቁሌቱ ካለ ግን የዕለቱ ሥራ ማሞቅ ብቻ ይሆናል።

ለራሴ ብቻ እንጀራ መጋገር ያዋጣል ወይስ ልግዛ?

ሊጥ አቡክቶ፣ ቀን ቆጥሮ፣ አብሲት ጥሎ፣ ምጣድ አሙቆ አምስት እንጀራ ማውጣት ለጉልበቱም ለመብራቱም አያዋጣም። ምጣዱ ለአምስትም ለሃያም እንጀራ መጀመሪያ መጋል አለበት። ከሱቅ ወይም ጋግራ ከምታከፋፍል ሴት በየሁለት ቀኑ ሁለት ሁለት መግዛት ነውር የለውም። «የኔ እንጀራ አይደለም» የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ለዚያ የሚሻለው ከአንድ ጎረቤት ጋር ተራ መግባት ነው፤ በዚህ ሳምንት እርስዎ ለሁለት ቤት፣ በሚቀጥለው እሷ ለሁለት ቤት። እንጀራውም ይገኛል፣ በሳምንት አንዴ የሚያንኳኳ ሰውም ይገኛል።

የሐዋሳ ሙቀት ለእንጀራ አይራራም፤ መሶብ ውስጥ በሦስተኛው ቀን ነጠብጣቡ ይታያል። የሻገተውን ቦታ ቆርሶ ጥሎ ሌላውን መብላት የለመድነው ነገር ነው፤ ግን ሻጋታ ዓይን ከሚያየው አልፎ ስለሚሠርግ እንጀራውን መጣል ይሻላል። ገና ደኅና ሳለ አራት ቦታ አጥፈው አየር በማያስገባ ፌስታል ጠቅልለው ፍሪዘር ቢያስገቡት ሳምንታት ይቆያል፤ ጠዋት አውጥተው ሳይከፍቱ ቢተዉት ለምሳ ይለሰልሳል። ያለ ፌስታል ፍሪጅ ውስጥ ከተቀመጠ ይደርቅና ይሰባበራል። ፀሐይ ካለ ድርቆሽ አድርጎ ማስቀመጥም አለ፤ ድርቆሽ ያለው ቤት ፍርፍር አያጣም።

ቆጮንም አይርሱ። በሲዳማ ማዕድ ያደገ ሰው ምክር አያስፈልገው፤ ከሌላ አካባቢ መጥቶ እዚህ ያረጀ ግን ብዙ ጊዜ በዓል ላይ ብቻ ነው የሚያስበው። የቦካው ቆጮ ረዥም ጊዜ ይቀመጣል፤ የሚበቃዎትን ያህል ብቻ ቆርሰው አውጥተው ይጋግራሉ። ጉልበት ሰጪ ነው እንጂ ፕሮቲኑ ጥቂት ስለሆነ ከአይብ፣ ከወተት ወይም ከባቄላ ጋር ያጣምሩት።

ወንድ ነኝ፤ ውሃ እንኳ አፍልቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ከማሰሮውና ከጣሳው። የባለቤትዎ ማጀት ውስጥ ስም ያልተጻፈባቸው ጣሳዎች ይኖራሉ፤ እሷ በዓይኗም በአፍንጫዋም ታውቃቸው ስለነበር መጻፍ አላስፈለጋትም። ልጅዎን ወይም ጎረቤትዎን አንድ ከሰዓት ይጥሩና እየከፈታችሁ አሽትቱ፣ በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ። በርበሬና ሚጥሚጣ በቀለም ይቀራረባሉ፤ ሚጥሚጣን በበርበሬ ልክ ድስት ውስጥ የገለበጠ ሰው ያንን ምሳ አይበላውም። ሽሮውም ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ነጩ በርበሬ የለውም። መከለሻውና ኮረሪማው ወጡ ሊወርድ ሲል የሚነሰነሱ ናቸው።

ከዚያ አራት ነገር ብቻ ይማሩ፦ እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ሩዝ። የጀማሪ ወጥ የሚበላሸው በአብዛኛው በችኮላ ነው። ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬ ከገባ ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ በርበሬው ደግሞ ያለ ፈሳሽ እሳት ላይ ከቆየ ያርና ይመራል። መያዝ ሲጀምር አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ ማድረግ፣ ማማሰል፣ እንደገና ጠብ ማድረግ፤ የእናቶች «እጅ» የሚባለው ግማሹ ይኸው ትዕግሥት ነው።

«ወንድ ማጀት ምን አገባው» የሚሉ እኩዮች ይኖራሉ። ይበሉ። ከእነሱ መሐል ምሳ የሚያመጣልዎት ካለ ያኔ ይሰሙታል።

ሐይቁ አጠገብ እየኖርኩ ዓሣ ለአንድ ሰው እንዴት ልግዛ?

ዓሣ ለብቸኛ ሰው ከበግም ከበሬም የሚመች ሥጋ ነው፤ አንዱ ለአንድ ሰው ይበቃል። ጠዋት ወደ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ወርደው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊ እየጠበቁ ከቆሙበት አለፍ ብለው፣ ሁለት መካከለኛ ቆሮሶ ዓሣ መርጠው እዚያው ያስገፍፉ። ዓይኑ የጠራ፣ በጉንጩ ክዳን ሥር ያለው መተንፈሻው ቀይ የሆነ፣ ሲጫኑት ሥጋው መልሶ የሚነሳው ነው አዲሱ። አንዱን ለምሳ ይጥበሱ፣ ሌላውን ከዚያች ከፍሪዘር በወጣች ቁሌት ለነገ ወጥ ያድርጉት። የአጥንቱን ሾርባ ከፈለጉ በወንፊት ያጥልሉ፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ጉሮሮ ላይ እሾህ ሲቀር ጀርባ የሚመታለት የለም። አምባዛ እሾሁ አነስ ይላል፣ ቅባቱ ግን ከፍ ያለ ነው።

እዚያው በሚጥሚጣ የሚቀርበውን ጥሬ ዓሣ ለወጣቶቹ ይተዉላቸው። በዕድሜ የደከመ አንጀት ጥገኛ ትልም ባክቴሪያም በቀላሉ አይችልም።

የሟች ጡረታ ግማሹ ነው የሚደርሰኝ። ገበያው እንዴት ይቻላል?

በሕጉ ለቀረው የትዳር አጋር የሚተላለፈው ግማሹ ስለሆነ ይህ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ወጪው ግን በግማሽ አይወርድም፤ መብራቱና ቤቱ ያው ነው። ቲማቲም አንድ መደብ ገዝተው ግማሹን ከመጣል መደቡን ከጎረቤት ጋር ይካፈሉት። ጥራጥሬ ይበዛ፣ የሚበሰብስ ነገር ይነስ። በርበሬና ሽሮ ለዓመት ማስፈጨት የቤተሰብ ልማድ ነው፤ ለአንድ ሰው የስድስት ወሩ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሽታው ይሞታል ወይም ነቀዝ ይቀድምዎታል።

የተረፈውን ወጥ ስንት ቀን ልብላ? መብራት ሲጠፋስ?

ከእሳት ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ እዚያ ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል። በየቀኑ ድስቱን ሙሉ አሙቆ መመለስ የለመድነው ልማድ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ የሚበሉትን ብቻ ቀንሰው እስኪፈላ ያሙቁ። መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ። ያልተከፈተ ፍሪጅ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ 24 ሰዓት ይቆያል። ባዶውን ቦታ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ መሙላት ለዚህ ይጠቅማል።

ፍሪጅ ከሌለ ቁሌቱ ቀርቶ የዕለቱን በዕለቱ ይሥሩ። በጾም ወጥና በሥጋ ወጥ መካከል ልዩነት ይኖራል ብለው አይዘናጉ፤ በዚህ ሙቀት ሁለቱም ያድራሉ ማለት አይቻልም።

ብቻዬን ስሆን እሳት ያስፈራኛል።

ፍርሃቱ ተገቢ ነው። ድስት ጥደው ሲቀመጡ የስልኩን ማንቂያ ይሙሉ፤ ሐዘን ያስረሳል። ከሰል በፍጹም በር ዘግተው ቤት ውስጥ አያስገቡ፣ ክረምት ለመሞቅም ቢሆን። ጭሱ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ እንቅልፍ የሚመስል ድካም አምጥቶ ይገድላል፣ ቤት ውስጥ የሚቀሰቅስ ሌላ ሰው የለም። የጋዝ ሲሊንደሩን ከተጠቀሙ በኋላ ከላይ ከራሱ ይዝጉት።

ስኳር አለብኝ። ካላሰኘኝ አንድ ምሳ ባልፍ ምን ይሆናል?

ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን ወስደው ካልበሉ ስኳርዎ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ግራ መጋባት። ብቻውን ለሚኖር ሰው ይህ ከከፍተኛ ስኳር ይልቅ የቅርብ አደጋ ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ 15 ደቂቃ ቆይተው ካልተሻለዎት ይድገሙ፣ ሲሻልዎት ምግብ ይብሉ። ስኳሩን አልጋው አጠገብም ያስቀምጡ። ምግብ በማይበሉበት ቀን መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያደርጉ አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ በራስዎ አይወስኑ። የደም ግፊት ላለበት ደግሞ ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፤ የምግብ ጣዕም ሲጠፋ እጅ ጨው ያበዛል፤ በሎሚ፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርት ይተኩት።

ጾምን በተመለከተ ከሐኪሙ ቀጥሎ ንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፤ ሕመምተኛን የሚያስጨንቅ ሥርዓት የለም። በእስልምናም መጾም ያቃተው አዛውንትና በሽተኛ አይገደድም፤ ፊድያ (በጾሙ ምትክ ድሃ ማብላት) አለ።

ምግብ ቤት ብቻዬን ገብቼ መብላት አፍራለሁ፤ በተለይ ሴት ስለሆንኩ።

በያይነቱ ይዘዙ። ከምግቦቻችን ሁሉ ለአንድ ሰው ተብሎ በአንድ ሰሃን የሚቀርበው እሱ ነው፤ ማንም «ሌላው የት አለ?» አይልም። ሰዓቱን ከስድስት ተኩል በፊት ያድርጉት፤ ቤቱ ሳይጨናነቅ ይስተናገዳሉ።

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለው ተረት የሚያስጨንቃቸው ሰዎች አሉ። ያ የተነገረው እያለው ለነፈገ ሰው ነው።

አሁንም ሁለት ሰሃን አወጣለሁ። አንዳንዴም የሚወደውን ምግብ ሠርቼ አልቅሼ እተወዋለሁ። አብጃለሁ?

አላበዱም። እጅ ከልብ ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ሰሃኑን ካወጡት መልሱት፤ ከፈለጉም ያኑሩት፤ ማንም አይቆጣም። የሚወደውን ምግብ ለጊዜው መተው ይቻላል፤ ለአርባው ወይም ለሙት ዓመቱ ሠርተው ለሰው ማብላት ደግሞ ለብዙዎች ይቀላል፣ ምግቡ ባለቤት ያገኛልና። ቦታ መቀየርም ይረዳል፤ ሁለታችሁ ትቀመጡበት ከነበረው ጠረጴዛ ተነስተው በረንዳ ላይ ወይም መስኮቱ ሥር ይብሉ። ወራት አልፈው ግን ምንም የሚጣፍጥ ነገር ከሌለ፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ «ምን ሊያደርግልኝ ነው የምበላው» የሚል ሐሳብ ከመጣ ለአንድ ሰው ዛሬውኑ ይንገሩ፤ ሕክምና አለው።

ዓመት በዓል መጣ። ለአንድ ሰው ዶሮ ይታረዳል?

ይታረዳል። አሥራ ሁለቱን ብልት ሠርተው ሁለት ሁለት ብልት እያደረጉ ፍሪዘር ማስገባት ይቻላል፤ እንቁላሉን ግን አብረው አያስገቡ፣ እንደ ላስቲክ ይሆናል። እንደ እርስዎ ያሉ ሁለት ሴቶች አንድ ዶሮ ተካፍለው በአንዷ ቤት ቢሠሩት ደግሞ ሽንኩርቱን መክተፉም ወሬ ይሆናል። አራጅ ለሌላት ሴት ይህ ቀን ሌላ ቁስል ነው፤ «ባርኮ የሚያርድ የለኝም» ብላ በዓሉን የምታልፍ አለች። የጎረቤትን ልጅ በዋዜማው ጠርቶ መንገር ይበቃል፤ ደስ ብሎት ይመጣል። ቅርጫ የሚገቡትም ግማሽ መደብ እንዲይዙልዎት አስቀድመው ይንገሩ፤ እስኪጠይቁ ድረስ ሙሉውን መግዛት የማይችል ሰው እንዳለ አያስቡትም።

ልጆቼ ሠራተኛ ቀጠሩልኝ። ምግቡ ይሠራል፤ እኔ ግን አሁንም ብቻዬን ነው የምበላው።

በብዙ ቤት ልጅቷ ሠርታ፣ አቅርባ፣ ማጀት ገብታ ትበላለች፤ እማማ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን እያዩ ሁለት ጉርሻ ወስደው ትሪውን ያስነሳሉ። ሁለት ብቸኛ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በመሐላቸው አንድ ግድግዳ። ትሪውን አንድ አድርጉት። መጀመሪያ ታፍራለች፤ «ነይ ቅረቢ» ብለው አንዴ ካጎረሷት የሚቀጥለውን ቀን ራሷ ሁለት ወንበር ታቀርባለች። ልጆቹ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሲደውሉ «በላሽ ወይ?» ከማለት «ምን በላችሁ?» ይበሉ፤ በስልክም ቢሆን በምሳ ሰዓት ይደውሉ፣ ማታ ከመኝታ በፊት አይደለም።

የሠራተኛዋ የዕረፍት ቀን እሑድ ከሆነ እሑድን ባዶ አይተዉት። ከፍሪዘር አንዷን ቁሌት ቅዳሜ ማታ አውርደው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሯት።